ዋስ ሳይወርድ የተከፈለ ዕዳ

አንኮበር፥ ጥር ፲፱ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ውድ አጎቴ ገብረ ጻድቅ፥

ይህን የሚያነብልዎ ቄስ እባክዎ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ የመንደርዎ የመዘዞ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አልፈልግም። በቀኝ እጄ እጽፋለሁ፤ ግራ እጄ ከአሊዩ አምባው ነጋዴ ልጅ ከረሺድ ክንድ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረን ቁራኛ ሆነናል። ፈርቻለሁ፥ አጎቴ።

ከአባቴ ወደ እኔ የዞረውን የበቅሎ ዕዳ ያውቁታል፤ ዋስ የሆኑልኝ እርስዎ ነዎት። ዐሥራ ስምንት ብር፥ በየጥምቀቱ ስድስት ስድስት። ቀኑ ካለፈ ባለዕዳው ይታሰራል፤ ከዚያም ካልከፈለ የዋሱ በሬ ይነዳል። የመጀመሪያውን አምና አብረን ከፈልን። የቀረው ዐሥራ ሁለት ብር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሁለቱ በሬዎችዎ በሕልሜ እየመጡ ትክ ብለው ያዩኝ ነበር።

የኔታ መርቀው ከቅኔ ቤት ካሰናበቱኝ ወዲህ ለአንዲት እመቤት ዳዊት ስጽፍ ከረምኩ። በጥቅምት ዋጋዬን እንደተቀበልኩ፥ ለእርስዎ እንኳ ሳልነግር፥ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ወረድኩ። ሁሉንም ከፍዬ ድንገት ከደጅዎ ብቅ ልል፥ «አጎቴ፥ ዕዳ የለብንም!» ልልዎ ቸኩዬ ነበር።

ባለገንዘቡ፥ የረሺድ አባት ሼህ ያሕያ፥ ግመሎቻቸውን ለባሕር መንገድ ሲያስጭኑ ደረስኩ።

«ቀኑ ሳይደርስ?» አሉኝ። «ዋስህ የታለ? ሽማግሌዎቹስ? ዋስ ከዋስነቱ በሰው ፊት ካልወረደ ዕዳ ተከፈለ አይባልም።»

«እኔ የቅኔ ሰው ነኝ፤ ጽሑፍ ይበቃናል» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ልጄ፥ ወረቀት አይምልም። ይሁን፤ ከጥምቀታችሁ በፊት እመለሳለሁ፥ ያኔ ዋስህን እናወርዳለን።»

ብሩን ቆጠሩ፤ በጻፍኩት ላይ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ሄዱ። አልተመለሱም።

ያን ቀን ገበያ ያልነበረው ልጃቸው ረሺድ በጥምቀት ማግስት ከሰሰኝ። እኔም ኮራ ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«ማን ጻፈው?» አሉ ዳኛው።

«እኔ።»

«ሲከፈል ማን አየ?»

«ሼህ ያሕያና እኔ።»

«ጣትማ ሁሉም አለው» አለ ረሺድ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ከረሺድ ጋር በሰንሰለት እንድንቆራኝ ተፈረደ። እስከ ሰባት ቀን ካልከፈልኩ ወደ እርስዎ በሬዎች ይመጣሉ ተባለ።

ከታሰርን ወዲህ እሱ ሲሰግድ እኔም አብሬ እጎነበሳለሁ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ስሳለም፥ «ቶሎ በል ሌባው፥ ብርድ ነው!» ይለኛል። ትናንት ጠዋት ግን ቁልቁል የቆላውን መንገድ ሲያይ ሰንሰለቱን ስቦ ወደ አፋፉ ወሰደኝ።

«ሌሎቹ ነጋዴዎች ገብተዋል» አለ። «የአባቴ ግመሎች ብቻ…»

ያኔ ለመንኩት። «አባትህ እስኪመጡ እኔን እሰረኝ፤ አጎቴን ግን ልቀቅ።»

«ባይመጣስ?»

«እንደገና እስክከፍል ከአንተ አልለይም።»

«ወላሂ፥ ዕድሜ ልኬን ከቅኔህ ጋር!» አለና ፊቱን አዞረ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ራሱ ሸንጎው ፊት ጎትቶ አቆመኝ። «አባቴ ተቀብሎ ከሆነ፥ የሰው በሬ አስነድቼ ሐራም አልበላም። ዋሱ ወርዷል፤ ዕዳው በዚህ ደብተራ ራስ ላይ ነው!» ብሎ ሦስት ጊዜ ጮኾ ተናገረ።

በሬዎችዎን ይጥመዱ፥ አጎቴ። እኔ አሁንም እፈራለሁ። ከታች አቧራ ሲነሣ ባየን ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ የሌላ ሰው ከብት ይሆንና ሁለታችንም እንቀመጣለን።

ከዋስነት መውረድዎን ግን ከዚህ ወረቀት አይመኑ። ደብዳቤውን ያደረሰችልዎ፥ አልታየች የምትባለው ቅቤ ነጋዴ፥ ሸንጎው ላይ ቆማ በጆሮዋ ሰምታለች። እሷን ይጠይቋት።

የእኅትዎ ልጅ፥
ገብረአብ