ማሳውን ትቶ የሄደ ውሃ

ኅዳር 9፣ አሰላ

ከሁሩታ የመጣችው የትንሿ ሃዊ የናሙና ውጤት ዛሬ ደረሰ። ጉበቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር አይደለም። ከአንጀት ወደ ጉበት መግባት የነበረበት የደም ሥር፣ ከተፈጥሮዋ ጉበቱን አልፎ ስለሚሄድ የመጣ ነው። ይህን ለእናቷ ሳስረዳ ግን «እጢ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው ማልቀስ ጀመሩ። ሲስተር አስቴር በኦሮምኛ የሆነ ነገር ስትላቸው ለቅሷቸው ጋብ አለ።

«ምን አልሻቸው?»

«ውሃው ማሳውን ትቶ በሌላ ቦይ ሄዷል፤ እብጠቱ የዚያ ጣጣ እንጂ ክፉ በሽታ አይደለም አልኳቸው።»

ስንት ዓመት ተምሬ እንዲህ ማለት አቃተኝ!

ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙት እናት እንባቸውን ጠርገው በአማርኛ ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ውሃውን ማነው ወደ ማሳው የሚመልሰው?»

ለአዲስ አበባ ሐኪሞች የምልከውን የሪፈር ወረቀት ስሞላ፣ የምንጠይቃቸውን በምጽፍበት ቦታ ላይ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም።