የጠዋት ጎብኚዎች

ኒሯቅ፣ ኅዳር

ለውድ ባሌ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የወደቡ ሙቀት አልጎዳህም? ወገብህስ ተሻለህ? ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ጠየቅሁህ፤ አንተም እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» ብለህ ብቻ እንዳታልፈኝ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ብቸኝነቱ ግን፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ በዝቶብኛል።

ከመስቀል ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። መጀመሪያ ተቆጣሁህ፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን ረገምሁ፣ አሁን ሁለቱም ሰልችተውኛል። እኛ ቤት ስልክ ስለማይሠራ የምትደውለው በባለ ሱቁ በሰላሕ ስልክ ነው፤ በየቀኑ «ደወለ ወይ?» እያሉ መግባት አሳፍሮኝ፣ ሳሙና ገዢ መስዬ እገባለሁ። ቤቱ ሳሙና በሳሙና ሆኗል። ስትመጣ ያንን የወደብ እድፍህን ሁሉ አጥቤልህ ገና ይተርፈኛል።

የጎብኚዎች ቤቱ እንደ ተውኸው ነው። በሐይቁ ዳር ሦስት ቤት ይሠራል፣ ጎብኚው በጀልባ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ቅሪተ አካሉን ያያል ተብሎ አልነበር? ተከፍቶ የቀረው የእኛው ብቻ ነው። የሁለቱ ግድግዳ ከነጅምሩ ቆሞ ፍየሎች ከፀሐይ ይጠለሉበታል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከእኛ ይልቅ እነሱ ጋ እንግዳ ይበዛል። እኔ ጠዋት ጠዋት መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ለድንጋዮቹም «እንዴት አደራችሁ» እላቸዋለሁ። አትሳቅ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ሲሉን «አንቺ አፍ አለሽ፣ እኔ ጉልበት አለኝ» ብለህ ጅቡቲ የወረድህ አንተ ነህ። ደግሞ ለገንዘቡ ብቻ እንዳልሄድህ አውቃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ የደረቀ ባሕር ስትለቅም ኖረህ፣ ውኃ ያለበትን አንድ ቀን ማየት አምሮህ ነበር። ምን እንደሚመስል እስካሁን በደንብ አልነገርኸኝም።

ዛሬ ግን ጎብኚ መጣልኝ።

ገና ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አያ የሻምበል ናቸው። ከኋላቸው አክስትህ እትዬ ወለተሥላሴ፣ ከእሳቸው ኋላ ሰላሕ። አያ የሻምበል የሰፈሩ ሽማግሌ ሆነው ይህን ያህል ዘመን በደጃችን ሲያልፉ አንድ ቀን ገባ ብለው አላዩም፤ ድንጋይ ለማየት ማን ቤት ይገባል እያሉ ሲያሾፉብን የኖሩ ናቸው። እትዬ በዚያ ጉልበታቸው ቁልቁለቱን እንዴት እንደ ወረዱት እንጃ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። በጨለማ ለብሰውት ይሆናል ብዬ አለፍሁት።

አያ የሻምበል ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪ ልጄ አረፍ በይ አሉኝ። እኔ ግን አላረፍሁም። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጉብኝቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ የሶላር መብራቷን አበራሁ። አንተ ያስጠናኸኝን ንግግር ከመጀመሪያው ያዝሁት፤ ይህ የምትረግጡት አገር ድሮ የባሕር ወለል ነበር፣ ይህች እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘችው እዚያ ትዋኝ ነበር፣ ይህ ደግሞ የባሕር ጃርት ነው። አንዱን ስጨርስ አያ የሻምበል «እንግዲህ ልጄ» ይላሉ፣ እኔ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። እንደ ዛሬ ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ አንዷን ዛጎል በጣታቸው እየዳበሱ በኻምጣኛ ጠየቁኝ። ስትሞት ብቻዋን ነበረች ወይ አሉኝ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ጎብኚ የለም፣ አንተም አላስጠናኸኝም። አይደለም እትዬ፣ ብዙ ነበሩ፣ ጭቃው አንድ ላይ ነው የሸፈናቸው አልኋቸው። ያን ጊዜ ሰላሕ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አቧራ ዐይኑ ገብቶ ይሆናል። እኔ ግን በየቀኑ ነው የምወለውለው።

ሸርጣኑ ጋ ስንደርስ ያንተን ቀልድ ነገርኋቸው፣ የጊንጥ አጎት ነው የምትለውን። ማንም አልሳቀም። ሳቁ እንጂ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይስቃል አልኋቸው። አያ የሻምበል አዛኝ ሰው ናቸው፣ ሳቁልኝ።

ሁለተኛውን ክፍል አስገባኋቸው። መሳቢያዎቹን አወጣሁ። ካግዳሚው ሥር በጆንያ ያስቀመጥኸውን፣ ምንነቱን ገና ያላወቅነውን ስብርባሪ እንኳ አንድ በአንድ እያነሳሁ ይህ ምን ይመስላችኋል እያልሁ ጠየቅኋቸው። እንዲህ እንዲህ ስንል ፀሐይ ወጣች። አያ የሻምበል ፀሐይዋን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ ከዚያ ደህና አድርገሽ አስረዳሽን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ነገ ጠዋት በርከት ብለን እንመለሳለን አሉኝ። እትዬ አብሬሽ ውዬ ልደር ብለው ለመኑኝ። አልጋ የለኝም አልኋቸው። የአልጋው ያንተ ጎን ባዶ መሆኑን እያወቁ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

የጎረቤታችንን የደጅይጥኑን በር ያንኳኳንበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? የወንድሙን ነገር ልንነግረው ከሽማግሌዎቹ ጋር የሄድን ዕለት? እኛም ፀሐይ ሳትቀድመን፣ በዚያው ሰዓት ነበር የሄድነው። አንተ ነህ ትከሻውን የያዝኸው። እሱ ምስኪን የሚያሳየን ድንጋይ አልነበረውም።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ለሰቆጣው ሚኒባስ ሰጥቼ፣ ከዚያ በወልድያ በኩል አዙረው እስኪያደርሱልህ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አጥቼው አይደለም። አላበድሁም። ስጽፍልህ ግን ቁጭ ብለህ የምትሰማኝ ይመስለኛል፤ ድሮም እኔ ሳወራ አንተ ዝም ነበር የምትለው። አሁን ግን ዝም አትበል። ሰላሕ ስልኩን ክፍት እንዲያሳድር ለምኜዋለሁ። እሺ አለኝ፣ ግን ዐይኔን አላየኝም። ደውልና አንድ ቃል ብቻ ተናገር፣ ብትፈልግ ስደበኝ። ሁሉንም አሳይቻቸዋለሁ። ለነገ ጠዋት የማሳያቸው አንድም ድንጋይ አልቀረኝም።

እመብርሃን ከፊት ከኋላህ ትሁን። ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። ለአገርህ አፈር ያብቃህ ብዬ ልመርቅህ ነበር፣ አፈሩን ተውሁት፤ ለአገርህ ያብቃህ።

ሚስትህ