ከምሳ ሰልፍ የጎደሉት

ሐምሌ 14፣ ሰኞ
እንጨቱ ዛሬም እርጥብ። ምግብ የሚያበስሉልን እትዬ ብርቄ በጭስ እያለቀሱ ቅንጬውን ያማስላሉ። ት/ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ ወዲህ ለምሳ የሚመጣው ልጅ በዛ እንጂ አልቀነሰም። አምና ክረምት ሲገባ ምሳው ይቆም ነበር። ዘንድሮ በከተማው ሰው መዋጮ ቀጥሏል። ር/መምህሩ ለትንንሾቹ ብቻ ይሁን ብለው ነበር። በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ትልልቆቹንም አስገባለሁ። ባዮሎጂ ሳስተምራቸው የከረምኩ ልጆች ናቸው። ፊታቸውን እያየሁ ሂዱ ማለት አይሆንልኝም።

ስንዱ ታናሽ እህቷን ትርንጎን ይዛ መጣች። ከዝቋላ ወረዳ እዚህ ሰቆጣ ለትምህርት መጥተው፣ ሁለቱ ብቻ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ስንዱ ስምንተኛ ክፍል ናት። ግማሹን በላች፣ ግማሹን በላስቲክ ቋጠረች። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ
እንግዳ መጣች። ወ/ሮ ሙሉ ትባላለች። ዘይትና ሽንኩርት በባጃጅ አስጭና። ንግድ አለኝ፣ ወልዲያና ሰቆጣ እመላለሳለሁ፣ ይሄ ለነፍሴ ነው አለች። ቁጭ ብላ ሳህን አጠበች። የአንዷን ሕፃን ንፍጥ በነጠላዋ ጠረገች። ሁሉም ወደዳት። ደብተሬ፣ እኔም ወደድኳት።

ልጆቹን "አክስቴ" በሉኝ አለቻቸው።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ
በየቀኑ ትመጣለች። አሁን ከትንንሾቹ ጋር አትቀመጥም። ከትልልቆቹ ሴቶች መሃል ናት። አባትሽ አለ? እዚህ ማን አለሽ? ስልክስ አለሽ? ትላለች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። እትዬ ብርቄ ከምድጃው ሆነው ያይዋታል። በኽምጣንጋ፣ በአገራቸው ቋንቋ፣ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህን ሁሉ ቀን ስትመጣ ከምግባችን አንድ ጉርሻ ቀምሳ አታውቅም አሉኝ።

እውነት ነው። ልብ አላልኩም ነበር።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ
አልጋነሽ የለችም። የአበርገሌዋ፣ ረጅሟ፣ ሰልፉን የምታስይዝልኝ። ትናንትም አልነበረችም። ጓደኞቿ አገሯ ገባች አሉ። ሲናገሩ አንዷ የሌላዋን ዓይን አታይም። በዚህ ዝናብ? በዚያ መንገድ?

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ
የአልጋነሽ እናት ከአበርገሌ መጡ። የማሽላ ዱቄት ተሸክመው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። ልጄን ጥሪልኝ አሉ። ጓደኞቿ እርስዎ ጋ ሄዳለች ብለውን ነው አልኳቸው። ዱቄቱን ከጀርባቸው አላወረዱም። በሩ ላይ ቆመው የሚገቡትን ልጆች አንድ በአንድ ያያሉ። አብሬያቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቃላችንን ተቀበሉ። እንፈልጋለን አሉ።

ወ/ሮ ሙሉ ዛሬ አልመጣችም።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ
ፍልሰታ ገባ። ልጆቹ ቅዳሴ ሳይወጣ አይበሉም፤ ምሳውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋነው።

ወ/ሮ ሙሉ ተመልሳለች። አልጋነሽን ታውቂያት ነበር ወይ አልኳት። ስንቱን ልጅ በስም ልያዝ ብላ ሳቀች። ለር/መምህሩ ነገርኳቸው። በጥርጣሬ ብቻ ሰው አታስቀይሚ፣ ዘይቱ ከማን የሚመጣ መሰለሽ? አሉኝ።

ወደ በሩ ተመለስኩ። ዘይቱ ከሷ ነው።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ
ስንዱ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቃ መጣች።

"ቲቸር፣ ትርንጎ ብቻዋን ብትመጣ ታበሏታላችሁ?"

"አንቺስ የት ልትሄጂ?"

"ሥራ ተገኝቶልኛል።"

"የት?"

"አክስቴ ታውቃለች።"

እጇን ያዝኩ። ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ
ትርንጎ ብቻዋን መጣች። እህቴ ዛሬ እትዬ ብርቄ ጋ እደሪ ብላኛለች አለች። ምግቧን አልነካችም። ቤታቸው ሮጥኩ፤ ተቆልፏል። ለፖሊስ ደወልኩ። እትዬ ብርቄ፣ ነገ የወልዲያው አውቶቡስ ሳይወጣ መናኸሪያ እንገኝ አሉ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ
ትርንጎን ይዘን መናኸሪያ ደርሰናል። ጭጋግ ነበር፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ። ወ/ሮ ሙሉ መስኮት አጠገብ። ከኋላዋ ሦስት ሴቶች ልጆች። ስንዱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። አብሮን የመጣው ፖሊስ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ጠየቀ። የእህቴ ልጆች ናቸው አለች። ልጆቹን ጠየቃቸው። ሦስቱም አዎ አሉ።

ስንዱም አዎ አለች። እኔን እያየች።

ትርንጎ ከእትዬ ብርቄ እጅ አምልጣ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። አላለቀሰችም። እህቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔም እሄዳለሁ አለች። ስንዱ አቅፋት ቆየች። ከዚያ ተነስታ፣ እጇን ይዛ ወረደች።

ሌሎቹ ሁለቱ አልወረዱም። የኛ ተማሪዎች አይደሉም፣ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ፖሊሱን ለመንኩት። ዘመዳችን ናት ካሉ በምን ላስወርዳቸው አለኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወ/ሮ ሙሉ በመስኮት ብቅ አለች። "ዝናቡ ያባራና እመለሳለሁ፣ የኔ እናት" አለችኝ። በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

መንገድ ላይ ስንዱ ቀድማኝ ትሄዳለች። ዞር ሳትል ተናገረች።

"እናንተ የምትሰጡኝ ምሳ ነው፣ ቲቸር። ማታስ? ትምህርት ሲከፈትስ?"



ነሐሴ 8፣ ሐሙስ፣ ማታ 3 ሰዓት
ስንዱ ዛሬ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። ወ/ሮ ሙሉ አልጋነሽን የላከቻት ወደ አፋር ነው፤ ልጆቹ ከዚያ ባሕሩን ተሻግራችሁ ዓረብ አገር ትገባላችሁ ተብለዋል። ለእናቷ የምነግረው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ወደ አበርገሌ መኪና ካለ እወርዳለሁ፤ ከሌለ በእግሬ።

ዘይት አልቋል። ነገ ንፍሮ ነው። በሩን ለማንም እንግዳ አልከፍትም ብዬ ለር/መምህሩ ነገርኳቸው።

ስንዱንና ትርንጎን እኔ ቤት አመጣኋቸው። ከእንግዲህ እዚህ ነው የሚኖሩት። አልጋው ጠባብ ነው፣ መሬት አነጠፍኩ። ትርንጎ ወዲያው ተኛች። ስንዱ በልብሷ ጋደም ብላለች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። ቆለፍኩ። ቁልፉን ትራሴ ሥር ልደብቀው አልኩ፤ እጄ እዚያ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ በምታየው ቦታ አስቀመጥኩት።

አየችው።