የሜሮን ዜሮዎች

ሰኞ
ዛሬም እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። ሜሮኔ፣ አንድ ልጄ። የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍበት መሥሪያ ቤት የሙከራ ጊዜዋ ሐሙስ ያበቃል፤ የጀመረችው ሥራ ካልተስተካከለ አይቀጥሯትም። "ምንድነው እንዲህ ያስጨነቀሽ?" አልኳት። "እማዬ፣ አይገባሽም።" ከፋኝ። ከስምንተኛ ክፍል ባላልፍም ጆሮ አለኝ! አይታኝ ሳቀችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ነገሩ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ለጽሑፍ የሚሆን ቦታ ሲያሰፋ መጀመሪያ ዜሮ ይሞላበታል፤ ከዚያ በዜሮው ላይ ጽሑፉ ይጻፋል። ድርብ ድካም። እሷ ዜሮውን አስቀረችው። ሥራው ፈጠነ። ግን አንዳንዴ ከአንድ ሰው ስም ኋላ የሌላ ሰው ጽሑፍ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ከየት እንደሚመጣ አላወቀችም።

ጎበዝ ናት ልጄ። ለምን አልነገርኳትም?

ማክሰኞ
የልጄ ነገር ሰርቪስ ውስጥም አልለቀቀኝም። እኛስ ፋብሪካ? የሸሚዙ ሳይዝ በተቀየረ ቁጥር የእጅጌውን ሳጥን ገልብጠን፣ ወልውለን ነው አዲሱን የምንጨምረው። መሞላቱ ላይቀር! "ዛሬ ዝም ብላችሁ ከላይ ጨምሩ" አልኳቸው በምመራው የስፌት መስመር ያሉትን ልጆች። ከልጆቹ አንዷ፣ ዘነበች፣ "እትዬ አስቴር ዛሬ ምን በልተው መጡ?" አለች። ግን ፈጠንን። ኮራሁ።

ረቡዕ
ጉዴ ፈላ! ሳጥኑ ሥር የትንሹ ሳይዝ እጅጌ ቀርቶ ነበር። እጅጌውን የምትሰፋው ልጅ አዲሱ የት ላይ እንዳበቃ በምን ታውቃለች? ሳጥኑ እስኪያልቅ ሰፋች። አሥራ ሁለት ሸሚዝ፣ የጎረምሳ ደረት ከሕፃን እጅ ጋር። "እትዬ፣ እነዚህንስ ማን ሊለብሳቸው ነው?" ዘነበች ናት፤ አፏ አያርፍም። ስንተረትር ዋልን።

ቤት ገብቼ ለሜሮን ነገርኳት፤ ትንሽ እንድትስቅ ብዬ። አልሳቀችም።
"ስንት እንደጨመራችሁ ለሰፊዋ ነግራችኋታል?"
"ኧረ እኔ እንጃ፣ ሳጥኑን ነው የሰጠናት።"
"እማ!" ብላ ጉንጬን ስማኝ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። ለካ እሷም ለማሽኑ የነገረችው የቦታውን ስፋት ነው እንጂ የተጻፈውን ልክ አይደለም፤ ከሥር የቀረው የድሮ ጽሑፍም አብሮ ይወጣል! ዜሮው ቢቀርም፣ የተጻፈው ያለቀበት ላይ መቁረጥ ነበረባት።

እራቷን ጨረሰች። ጨምራም በላች።

ሐሙስ
ያስተካከለችውን ጠዋት ላከችው። ሻይ ሰዓት ላይ ደወለች፤ ቁራጩ ጠፍቷል፣ ፍጥነቱም አለ። "ስለ ቅጥሩስ?" "አለቃዬ አሁን ጠርቶኛል። ስልኩን እንዳትዘጊው፣ እየገባሁ ነው።" ጆሮዬ ላይ ለጥፌው ቆምኩ። በር ሲከፈት ሰማሁ። ወንበር ሲሳብ። ሰውየው ዝግ ብሎ ያወራል፣ ቃሉ አይለይም። እመቤቴ፣ አልኩ።

ከዚያ ሳቋ መጣ።

ዘነበች ሻይዬን ከእጄ ተቀብላ ያዘችልኝ።