ታናሽህን ሳስጠና

ለበኩር ልጄ፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። «እንድትጽፊልኝ» ብለህ በስተርጅናዬ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ።

ታናሽህን ዩኒቨርሲቲው አውሮፓ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ አገር በእንግዳ መምህርነት ሊልከው ነው። «ስድስት ወር ብቻ ነው፣ እማዬ» ብሎኛል። አገሪቱን ሳላውቅ አልሄድም ብሎ ጥያቄዎችን በትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፏል። ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ እሱ ሸሚዙን እየተኮሰ ይመልሳል።

«የሕዝቡ ብዛት?»

«ከእኛ ከተማ ያንሳል።»

«ታዲያ ይቺም አገር ሆና ነው?» ስለው ሳቀ።

ትናንት መነጽሬን ጠርጌ ቀጣዩን ካርድ አነበብኩለት። «ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በስንት ዓመት ይሰጣል?»

«በአምስት» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ወዲያው እጁ ካውያው ላይ ቆመ። «እማዬ፣ እሱ እንኳ... ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።»

«ጎበዝ፣ ልክ ነህ» ብዬ ካርዱን ከሌሎቹ ሥር ከተትኩት። «ትልቁ ወንዛቸውስ ማን ይባላል?»

ሳምንቱን ሙሉ ሲያውቀው የሰነበተው ወንዝ ጠፋበት። እኔም ደክሞኛል ብዬ ተነሳሁ።

ያንተን ወፍራም ካፖርት አስለካሁት፤ ልክክ አለለት። አንተም ስትሄድ ሁለት ዓመት ነበር ያልከኝ፤ ዘንድሮ አሥራ አንደኛው ነው።

በዓይኔ ያላየኋቸውን ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ክፉ አይንካችሁ። እኔ እናትህ ከእንግዲህ «መቼ ትመጣለህ?» ብዬ አልጽፍልህም።