ሰብሌ የደበቀችው ጠመንጃ

ሐዋሳ ላለኸው ወንድሜ ቻላቸው፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደባርቅ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ ላሟ ወልዳለች። አንጎሌ ውስጥ የገባው ቫይረስም ከለቀቀኝ ሁለት ወሩ ነው።

ባለቤቴ ሰብሌ ግን ተለውጣብኛለች። ጠላውን እንደ ወጉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስልኛለች፤ ስትውጥ ግን አላይም። ጠመንጃዬንም ከተሰቀለበት አውርዳ ደብቃዋለች። ሐኪሙም ከእሷ ጋር ተንሾካሽኮ «አሁን አንጎልህን የሚወጋው የራስህ ሰውነት መከላከያ ነው፤ ተኝተህ ታከም» አለኝ። እምቢ ብዬ መጣሁ። ሳንቃ በር ካምፕ ሆኜ ሃያ ዓመት የሰሜን ተራሮችን ፓርክ ስጠብቅ ጌታውን የሚወጋ ዘብ አላየሁም።

መልስ ስትልክ በልጅነታችን የጋለብናትን በቅሎ ስም ጻፍልኝ፤ አንተ መሆንህን በዚያ አውቃለሁ። እኔማ ስሟ ጠፍቶብኛል።

ጠባቂ መልአክህ አይለይህ።

ወንድምህ ሻረው