በጉንጮ ላይ በድራም የቀለድኩ ለታ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ፦ የሰፈራችን ጃዝ ባንድ ድራመር ከመካከላችን ተለይቷል። ሞቶ አይደለም... አግብቶ። ሚስቱ «በቤቴ ዱላ የያዘ ወንድ አላይም» አለች አሉ። ነፍስ ይማር።

ወንበሩ ባዶ ነው። ማን ይቀመጥበት? እኔ ነኛ።

ለእማዬ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «እሁድ አዳራሹ ውስጥ ስትጫወቱ መጥቼ አይሻለሁ። ካልሆነልሽ በማግስቱ አጎትሽ ሱቅ ገብተሽ ሚስማር ትመዝኛለሽ።»

«ሚስማሩስ እኔን ይችለኛል?»

«ሂጂ ወዲያ፣ ቀላጅ።»

አልሳቀችም። የምሯን ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ልምምድ። አለቃው ጋሼ ናቸው፣ ፒያኖ ተጫዋቹ። «የት ተማርሽ?» አሉኝ። ምን ልበል? እግሬ የእማዬን የስፌት መኪና ፔዳል ሲረግጥ ነው ያደገው። ጆሮዬን ያሳደገው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፤ ቀኑን ሙሉ ጃዝ ይከፍታል። መድረክ? ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሰልፉን ከበሮ ሰጡኝ። መሀል መንገድ ላይ ምቱን ትንሽ... ትንሽ ብቻ አጣመምኩት። ዳይሬክተሩ በገዛ እግራቸው ተጠለፉ፣ ሰልፉ ላያቸው ላይ ተከመረ። ትምህርቴም እዚያው አበቃ።

ዳይሬክተሩን እያስመሰልኩ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ድራሙን መታሁ... ሳቁ ቀረ።

«ልጄ፣ ድራሙ ምን በደለሽ?»

ትራምፔት የሚነፋው ጉንጮ ቀበል አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺ በር ታንኳኳ እንጂ ጃዝ አትመታም።»

ሲነፋ ጉንጩ ሁለት ብርቱካን ያክላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እንዴት ይውደደኝ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ጋሼ ለብቻዬ አስቀሩኝ። «ያን ዳይሬክተር ማስመሰል እንዴት ቻልሽበት?»

«ሳያቸው፣ ስሰማቸው ከርሜ።»

«እኛንም እንደዚያ ስሚን።»

በዱላው ፋንታ ድራሙን በሚዳስሰው የሽቦ ብሩሽ ሞከርኩ። ቀስ ብዬ፣ ፒያኖውን እየሰማሁ... ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደዱት? ወይስ ተኙ?

እሁድ፣ ሐምሌ 13

እማዬ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ መጥታ አዳራሹ ኋላ ተቀመጠች።

ሦስተኛው ዜማ ላይ ጉንጮ ትንሽ ነፍቶ ያቆማል፤ ያንኑ ያህል ጊዜ ብቻዬን እንድመታ ለኔ ይተዋል። ሊያዋርደኝ ፈልጎ ፈጣን ነገር ነፋና አየኝ። ሚስማሩ ታየኝ...

ግን ስሰማው ነው የሰነበትኩት። ሊነፋ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እግሩን ሁለቴ ይመታል፣ የዜማዋን መጨረሻ ይጎትታል። እሱኑ መለስኩለት። ጉሮሮውን በብሩሽ፣ እግሩን በትልቁ ከበሮ፣ ጉተታውን በሲምባሉ፣ በነሐሱ ሳህን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጉንጮ አፈጠጠ... ከዚያ ትራምፔቱ ውስጥ ሳቀ። በተራው እኔን አስመሰለኝ፤ በር ማንኳኳት።

ተራዬ ደረሰ። እጄን አጣጥፌ ቁጭ። ጋሼ ዞር አሉ። እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። ተራዬ ልክ ሊያልቅ ሲል አንዴ፣ ቀስ አድርጌ... ጠብ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ጭብጨባው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«ማን አስተማረሽ?» አለች እማዬ ስንመለስ።

«መኪናሽ።»

«መኪናዬማ ዝም ማለት አታውቅም።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ጠዋት ጉንጮ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ድራመር፣ ልምምድ አስር ሰዓት ነው፤ እንዳታረፍጂ» ብሎኝ ሄደ። ድራመር አለኝ። እማዬም ሰምታለች፤ የድራሙን ፔዳል ስረግጥ እግር የማይዝ ሰፋ ያለ ሱሪ እየቆረጠችልኝ ነው።

ለራሴ እንኳን አልዋሽም... ነገሩ ያን ያህል አይደለም። ስድስት ረድፍ ወንበር ያለው አዳራሽ፣ ግማሹ ሰው ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ። አንዲት ልጅ በአንድ ሰው ላይ ቀለደች፣ ሰው ሳቀ። ይኸው ነው።